ገጽ 141ን መልሺው

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ማክሰኞ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀያት፣ አሁን እንኳ በሙሉ ማዕረጓ ለዶክተር ሀያት አብዱልጀባር፣ ኖርዌይ በረዶ ውስጥ ለተቀበረችው፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ ትናንት ከእማ ጋር በቪዲዮ ስታወሪ ከጀርባዋ ቆሜ አይቼሻለሁ፣ ጉንጭሽ ሞልቷል። እኛ ደህና ነን። እማ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ አንቺ ስትጠይቂያት ግን «ምንም አልሆንኩም» ነው የምትለው፣ አትመኛት። ድመቷ ሦስት ወልዳለች። አንዷን እንደዚያ የጆርናልሽ ሰውዬ «ገምጋሚ ቁጥር ሁለት» ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ፣ ያገኘችውን ሁሉ ትቧጭራለች። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በታች ያለው ንዴት ነው።

ለምን ደብዳቤ እንደሆነ ልንገርሽ። ድምፅ ስልክልሽ በእጥፍ ፍጥነት ነው የምትሰሚው፣ ራስሽ ነግረሽኛል። እኔ ተናድጄ የተናገርኩት በእጥፍ ፍጥነት ሲሰማ ቀልድ ይመስላል። ስለዚህ በእጄ ጽፌ፣ እዚሁ የምሠራበት ኮፒ ቤት ስካን አድርጌ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ወረቀት አይፈጥንም። የፊደል ስህተት ካገኘሽ ዋጪው፤ እኔ ከአስረኛ ክፍል የወጣሁት አንቺ የሁለታችንንም ድርሻ ተምረሽ ስለጨረስሽው ነው።

ቅዳሜ የላክሽው መልእክት ይኸውልሽ፣ ከነቃሉ፦ «ሙዴ! ጆርናሉ ጽሑፌን ተቀበለልኝ! ትንሽ ማስተካከያ ነው የቀረኝ፣ እስከ የካቲት ሰባት። አንድ ነገር ላስቸግርህ፤ ግድግዳ የሚያንኳኳ እጅ ፎቶ አንሳልኝ፣ የትልቅ ሰው እጅ ቢሆን ይመረጣል። ደግሞ እማ የሠራችልኝን ቢጫ ሹራብ ፈልገህ ከሚመጣ ሰው ጋር ላክልኝ፣ ብርዱ ሊገድለኝ ነው።»

ሹራብሽን አላየሁም። ወደ ፎቶው እመጣለሁ።

ጽሑፉንም አብረሽ ልከሽ ነበር፣ «ለእማ አትምላት» ብለሽ። አተምኩት። አስራ ዘጠኝ ገጽ! ሀያት፣ በአንዲት ስቴፕል ተያዘ እኮ! ያንን ትልቁን የዶክትሬት ጥናትሽን የጠረዝኩት እኔ ነኝ፤ ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። ሦስት መቶ አስራ ስምንት ገጽ፣ ሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን፣ ስምሽ በወርቅማ ፊደል። ሙጫው እስኪደርቅ የጠበቃ ደንበኞቼን ሁለት ወፋፍራም መጽሐፍ ለምኜ ስጭንበት ዋልኩ። ሰው ሁሉ «ምንድነው ይሄ?» ሲለኝ «የኛ ሰፈር ነው» ነበር መልሴ። «ሰፈሩ እንኳ ሊፈርስ ነው» ሲሉኝ «እኛ ጠርዘነዋል» እላለሁ። እንደዚያ ጉራዬን ስነዛ ነበር።

እማ አስራ ዘጠኙን ገጽ ተቀብላ አንዴ ገለበጠችውና «ቀሪውስ?» አለችኝ።

«ይኸው ነው እማ።»

«ማሽኑ ቀለም ጨርሶ ነው?»

ቀለም አልጨረሰም። የጨረሰው ሌላ ነው። እንግሊዝኛዬን ታውቂዋለሽ፣ ከታክሲ ላይ ጥቅስ አያልፍም፤ ስለዚህ ቲቸር ፍሬምናጦስን ያዝኩት። አታውቂውም፤ የግል ትምህርት ቤት መምህር ነው፣ ፈተና ሊያባዛ እኛ ጋ ይመጣል፣ ሰላም ስትይው እንኳ ሰላምታሽን የሚያርም ዓይነት ሰው ነው። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና እስካባዛለት ድረስ በርጩማ ላይ አስቀምጬ «በል ተርጉምልኝ» አልኩት። ርዕሱን አነበበ፦ «ግድግዳው ሲንኳኳ፤ በአንድ ነባር የአዲስ አበባ ሰፈር የስንብት ሥርዓትና የዝምታ ትርጉም»።

ከዚያ ቀጠለ። ከሰፈሩ የሚለቅ ቤተሰብ ከጎረቤቱ ጋር የሚጋራውን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። የሚቀረው ጎረቤት መልስ አይሰጥም። ይህ ዝምታ፣ መረጃ ሰጪ 14 እንዳብራራው፣ «የጋራ እምቢታ» ነው። ቲቸር ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

«ይሄ ባህል አለ እንዴ? እኔ እዚህ ሰፈር ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር ሰምቼው አላውቅም።»

«ቲቸር፣ አንተ ሰፈሩ አልገባህም» አልኩት።

እፍረት የለኝም፣ አውቃለሁ። እንዲህ ብዬው ግን ወረቀቱን በተገላቢጦሽ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩትና ስልሳ ልጅ ባዶ ፈተና ሊቀበል ነበር።

እስከ መጨረሻው አነበበልኝ። ትልቁ ጥናት ውስጥ ያሉት እትዬ ኮከቤ የሉም። ጋሽ ፋዮ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጎማ ጥገናቸውን ዘግተው ያወሩሽ፣ የሉም። እማ የለችም። የምስጋናው ቦታ ላይ እንኳ ይኖሩ እንደሆን ቲቸር ፈለገ፤ አማካሪሽ አሉ፣ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት አለ፣ ሁለቱ ገምጋሚዎች በስም ሳይጠሩ ተመስግነዋል። ገምጋሚ ቁጥር ሁለት ተመስግኗል! እኔ ድመት በስሙ ስጠራ አንቺ ታመሰግኚዋለሽ።

«አርቲክል እንደዚህ ነው» አለኝ ቲቸር። «ጥናቱ ሁሉንም ይናገራል፣ አርቲክል ግን አንድ ነገር ብቻ መርጦ ነው የሚናገረው። ስምንት ሺህ ቃል ነው የሚፈቀደው።»

አርቲክል አላውቅም ሀያት፣ ወረቀት ግን አውቃለሁ። ሰው ትልቅ ፕላን ይዞ መጥቶ «አሳንስልኝ» ሲለኝ ማሽኑን ሰባ አንድ በመቶ ላይ አደርገዋለሁ። ሁሉም ነገር ያንሳል፣ ማንም አይወጣም። ሽንት ቤቱም ትንሽ ሆኖ ይገባል። አንቺ ግን በመቀስ ነው የሠራሽው። እሺ ይሁን፣ አንድ ነገር ብቻ ከሆነ የሚፈቀደው፣ ከዚያ ሁሉ መርጠሽ እሱን?

አሁን ቁጭ በይ። የቆምሽ ከሆነ ማለቴ ነው።

መረጃ ሰጪ 14 እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፣ አንቺ ነሽ ቁጥሩን የሰጠሽኝ። የማታውቂው ይሄ ነው፦ ፎግሬሽ ነው። ግድግዳ የሚያንኳኳ ሰው የለም። ኖሮም አያውቅም። 15፣ 16 እና 17 ደግሞ ጓደኛዬ ቤኪና ሁለት ጀለሶቹ ናቸው፤ አስጠንቼ ነው የላክኋቸው። ቤኪማ «አያቴም ያንኳኩ ነበር» ብሎ ከራሱ ጨምሮልሻል፤ አያቱን አይቷቸው አያውቅም።

ተሳደቢ። እጠብቃለሁ። ጨረስሽ? እንግዲያው አሁን የኔ ተራ ነው፤ አንቺ ብቻ ተናደሽ የምትቀሪ እንዳይመስልሽ።

መስከረም 2010፣ የሄድሽ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ገደማ ነበር። ጎረቤታችን ዓብዱልሰላም ታክሲውን ደጅ አቁሞ ክላክሱን ያስጮኸዋል። እኔ አስራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ቤቱን ከሚከፍለው ቺፕውድ ወዲያ ባለችው ክፍላችን ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አኩርፌ ተኝቻለሁ። ቺፕውዱን ታስታውሽዋለሽ? ትንንሽ ሆነን አንቺ ከወዲያ ሦስቴ ስታንኳኪ «ነቅተሃል?» ማለት ነበር። እኔ ሁለቴ ስመልስ «አዎ»። ያን ቀን እማ «ውጣና እህትህን ተሰናበታት፣ ግትር!» ብላ ጮኸችብኝ። አልወጣሁም። ከዚያ ቺፕውዱ ቀስ ተብሎ ሦስቴ ተንኳኳ። ዝም አልኩሽ። ሄድሽ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለጥናትሽ ስትመጪ መቅረጫ ይዘሽ ነው የመጣሽ። እትዬ ኮከቤ ጋ አራት ቀን ተቀመጥሽ። ጋሽ ፋዮ ጋ ሦስት ቀን። ለኔ የደረሰኝ ሃያ ደቂቃ፣ እሱም ጋሽ ፋዮ ቀጠሮ አርፍደውብሽ። እዚያው ደጃቸው የጎማ ቁልል ላይ ተቀምጠን መቅረጫውን አብርተሽ «አቶ ሙደሲር» አልሽኝ። አቶ! ዞር ብዬ አባቴን ፈለግሁ።

«ሰዎች ከሰፈሩ ሲለቁ ምን ያደርጋሉ?» አልሽ።

«የሚሄደው ሰው ግድግዳውን ሦስቴ ያንኳኳል» አልኩሽ።

«የሚቀረውስ?»

«ዝም ይላል።»

ዓይን ዓይንሽን እያየሁ ነበር። ጫማ ትወረውሪብኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ወይ ትስቂያለሽ፣ ወይ መቅረጫውን ታጠፊውና «አንተ ጉድ» ትይኛለሽ ብዬ። አንቺ ግን መቅረጫውን ወደኔ አስጠጋሽና «በጣም ደስ ይላል፣ ድገምልኝ» አልሽ።

ድገምልኝ! ራስሽ ያደረግሽውን ነገር እኮ ነው የነገርኩሽ! እንዴት ነው ያላወቅሽው? ስድስት ቋንቋ የምታነቢ ሰው የራስሽን እጅ አታውቂውም? ተናደድኩ። ተናድጄ ደገምኩልሽ፣ ጨመርኩበት፣ ቤኪን ጠራሁት። ለአንድ ሳምንት እስቅብሽና አቆማለሁ ብዬ ነበር፤ ሳላቆም ትኬትሽ ደረሰ። ትልቁ ጥናት ውስጥ ግማሽ ገጽ ሆኖ ሳየው፣ ገጽ 207፣ ከሦስት መቶ አስራ ስምንት ገጽ ውስጥ ማን ያየዋል ብዬ ጠረዝኩት። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ «ገምጋሚ ቁጥር ሁለት የግድግዳውን ነገር ወዶታል፣ ሌላውን ቀንሰሽ እሱን አጉይው ብሎኛል» ብለሽ ስትደውዪ ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሳቅሁ። ምን እንደሚያስቀኝ ጠይቀሽኝ «ምንም» አልኩሽ።

ያ የኔ ጥፋት ነው፣ ይዤዋለሁ። ሦስት መቶ አስራ ስምንት ገጽ እውነት ውስጥ ግማሽ ገጽ ውሸት አስገብቻለሁ። እውነቱን ሁሉ ጥለሽ ግማሽ ገጿን አንስተሽ የሮጥሽው ግን አንቺ ነሽ። «የጋራ እምቢታ» አልሽው ደግሞ። እምቢታ አይደለም ሀያት። አፍንጫዬ ተዘግቶ ነበር። ታክሲው ከሄደ በኋላ ሁለቴ አንኳኳሁ። «ማነው?» ያለችኝ እማ ናት።

አሁን ስለ ፎቶው።

እሁድ እትዬ ኮከቤ ጋ ሄድኩ። አዎ፣ ይሄን ሁሉ እያወቅሁ ፎቶውን ላነሳልሽ ሄድኩ፤ እንዲህ ነኝ። ግድግዳቸው ያው እንደነበረ ነው፣ ከወዲያ በኩል የነበረው የጎረቤታቸው የነነጅማ ቤት ግን ፈርሶ ቆርቆሮ አጥርና ጉድጓድ ነው ያለው። «እትዬ፣ እጅዎን እዚህ ጋ ያድርጉልኝ፣ እንደሚያንኳኳ ሰው» አልኳቸው።

«ለምኑ ነው?»

«ለሀያት ጽሑፍ ነው። ያው ሰው ሲሄድ ግድግዳ ያንኳኳ የለ?»

«ማነው ያንኳኳው?»

«ሰዎች።»

«የትኞቹ ሰዎች? ነጅማ የሄደች ዕለት አይሱዙው ቶሎ በይ እያለ ጡሩምባውን ሲነፋባት አንድ እግሯ ባዶውን ነው የወጣች። ማን ጊዜ አግኝቶ ግድግዳ ይደበድባል? ደሞስ አንተ፣ አሁን ባንኳኳ ከወዲያ ማን አለና ነው?»

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። እሳቸው ግን ፍራሻቸው ስር ገብተው አንድ ነገር አወጡ። ገጽ 141። ባለፈው ዓመት ጥናቱን ስጠርዝ ያቺን ገጽ ለብቻ አባዝቼ ላሚኔት አድርጌ ሰጥቻቸው ነበር፤ ስማቸው በሙሉ ነው ያለው፣ ኮከቤ፣ ምክንያቱም ያኔ «በቁጥር ልጠራዎት ወይስ በስም?» ስትያቸው «እኔ እስረኛ ነኝ በቁጥር የምትጠሪኝ?» ብለውሻል። ማንበብ አይችሉም፣ ግን ስድስተኛው መስመር ላይ ጣታቸውን አድርገው «ይቺ እኔ ነኝ» ይላሉ፣ ሳይሳሳቱ።

ገጽ 141 ላይ ያለውን ረስተሽ ከሆነ እኔ ልንገርሽ፣ ቲቸር ደጋግሞ አንብቦልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ። ነነጅማ ወደ ኮዬ ኮንዶሚኒየም ሲሄዱ በግርግሩ የእትዬ ኮከቤ ዘነዘና አይሱዙው ላይ ተጭኖ ሄደ። ሙቀጫው እዚህ ቀረ። ነጅማ ደውላ «በሰው ልላክልሽ» ብትል እትዬ «በሰውማ አትላኪ፣ ራስሽ ይዘሽው ነይ» አሏት። ነጅማ መጣች፣ ዋለች፤ ዘነዘናውን ግን ረስታዋለች። በሚቀጥለውም ወር ረሳችው። ይኸው እስከ ዛሬ እትዬ በድንጋይ ነው የሚወቅጡት። አንቺ «ለምን አዲስ አይገዙም?» ስትያቸው ምን አሉሽ? «ዘነዘናው ከተመለሰ ምን ብላ ትመጣለች?» ከዚያ ገጽ ቀጥሎ ቤት ለቤት ዞረሽ ቆጥረሻል፤ ሃያ ሦስት ቤት ውስጥ እንደዚህ ሆን ተብሎ የተረሳ ዕቃ አለ። የጋሽ ፋዮ መሰላል፣ የእማ ትልቁ ሰፌድ፣ የአንዱ ሬዲዮ ያላንቴና፣ የሌላው አንቴናው ብቻ። ይሄን ማንም አስጠንቶሽ አይደለም። ይሄን ማንም ሊያስጠናሽ አይችልም! እኔ እንኳ ቁጭ ብዬ ብውል እንደዚህ ያለ ነገር መፍጠር አልችልም። ይሄን ትተሽ የኔን ፉገራ!

እትዬ ላሚኔቱን ደረታቸው ላይ እንደያዙ «ልጅቷ የኔን ነገር አወጣችው? ፈረንጆቹ ዘንድ ደረሰ?» አሉኝ።

አስራ ዘጠኙ ገጽ እጄ ላይ ነበር።

«አዎ እትዬ፣ ወጥቷል» አልኳቸው።

«እሰይ! ለነጅማ እነግራታለሁ፣ እንግዲህ አፍራ ታመጣዋለች» ብለው ሳቁ። ከዚያ ደንግጠው «ቢሆንም አታምጣው» አሉ።

ይሄ ሁለተኛው ውሸቴ ነው። በአንቺ ምክንያት ነው የዋሸሁት፣ ላንቺ ብዬ። የመጀመሪያው ሲያስቀኝ ኖሯል፤ በዚህኛው ግን እስከ ተክለ ሃይማኖት በእግሬ ሄጄ ለምን እንደሄድኩ ረስቼ ነው የተመለስኩት።

ውልሽ ያለዚህ አርቲክል እንደማይታደስ ነግረሽናል። አልረሳሁም። እማ በየሶላቷ «ያ ረቢ የልጄን ወረቀት» እያለች ነው፣ እኔም ከጎኗ አሚን እላለሁ፣ ግማሹን አሚን ለየትኛው ወረቀት እንደምል ግራ ገብቶኝ። ለዚህ ነው ከቅዳሜ እስከ ዛሬ የቆየሁት። ዝም ብል ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ግን ቲቸር ፍሬምናጦስ አንድ ጊዜ አንብቦት ነው የጠረጠረው። ከዚያ ጆርናል አንባቢዎች ውስጥ የልደታ ልጅ አንድ ብቻ ይኑር፣ አለቀልሽ። ያኔ የሚሰደበው መረጃ ሰጪ 14 አይደለም፣ ስም የለውም። ስሙ ያለው ሽፋኑ ላይ ነው፣ እኔ በወርቅማ የጻፍኩት።

ስለዚህ ጻፊላቸው። እውነቱን ጻፊ፦ ወንድሜ ባለጌ ነው፣ ዋሽቶኛል፣ ግድግዳውን አውጥቻለሁ በያቸው። ቀን ለምኚ። ቲቸርን ጠይቄዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ደራሲው ራሱ ቀድሞ መናገር ያስከብራል እንጂ አያዋርድም አለኝ። «ግን ሊከለክሏት ይችላሉ» ሲልም አልደበቀኝም፣ እኔም አልደብቅሽም። የኔን ስም ከፈለጉ ከነአባቴ ስጫቸው፤ ቤኪም ፊርማውን ይሰጣል፣ ካልሰጠ አንገቱን ይዤ አስፈርመዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈቀደው ካሉሽ ያ አንድ ነገር ዘነዘናው ይሁን። ገጽ 141ን መልሺው። ስምንት ሺህ ቃል ለአንድ ዘነዘና ይበቃል።

የመጀመሪያውን ውሸቴን አውጪልኝ፣ ሁለተኛውን እውነት አድርጊልኝ። ሌላ አልጠይቅሽም። አዲሱን ስትልኪ አትሜ እትዬ ጋ እወስደዋለሁ፤ ስማቸው ስንተኛ መስመር ላይ እንዳለ ብቻ ንገሪኝ፣ ጣታቸውን የት እንደሚያደርጉ እንዳሳያቸው።

ለእማ ምንም አልነገርኳትም። አንቺ ንገሪያት፣ እኔ ላይ ጫማ መወርወር ትችላለች፣ አንቺ ሩቅ ነሽ።

አላህ ከበረዶውም ከገምጋሚውም ይሰውርሽ። እጅሽን ያቅናው፣ ልብሽን ያስፋው፣ ውልሽንም እሱ በሚያውቀው ያድስልሽ። ተናድጃለሁ፣ ገና አልበረደልኝም፤ ስትደውዪ ግን አነሳለሁ።

ወንድምሽ
ሙደሲር አብዱልጀባር
(መረጃ ሰጪ 14)

ሳልነግርሽ የቀረ፦ ሹራብሽ እኔ ጋ ነው። ከሄድሽበት ቀን ጀምሮ እኔ ጋ ነው። ነነጅማ ጋ የሚሄድ ሰው እንኳ ቢገኝ፣ ኖርዌይ የሚሄድ ሰው ቢገኝ፣ አልሰጥም። በሰው አልልክም።